ኀዘንተኛው ቤትና አሳማኙ ሥዕል፤ ስለ መዓዛ መንግሥቴ «የጥላው ንጉሥ» የቀረበ ሐተታ

፩

«ማስታወቂያ» የሚለው ቃል የወጣው «ዐወቀ» ከሚለው ግሥ ነው፤ ፍቺውም ያላወቀውን ሰው እንዲያውቅ ማድረግ ማለት ነው። በጎንደርና በሰሜን ደጋ አገር ግን ነገር የሚታወቅበት መንገድ ከጥንት ጀምሮ ሁለት ዓይነት ነበር። ባለሥልጣን ሊያስታውቅ የፈለገውን ነገር ነጋሪት አስጐስሞ በዐዋጅ ያስነግራል፤ ዐዋጁም በጎንደር ከተማ ከግንቡ አጠገብ በሚገኘው በጃንተከል፥ በገጠርም በገበያ ቀን ለተሰበሰበው ሕዝብ ይነገራል። የአንድ ቤት ሰው ሲሞት ግን ወሬው በነጋሪት አይነገርም። መርዶ የሚነገረው ገና ጎሕ ሲቀድ፥ ዘመድና ጎረቤት በደጅ ከተሰበሰበ በኋላ፥ ሟቹን በሚያውቅ ሰው አፍ ነው። ዐዋጅ ለብዙውና ለማይታወቀው ሰው ይነገራል፤ መርዶ ግን ለሚታወቅ ሰው በስሙ ተጠርቶ ይነገረዋል። ዐዋጅ ሰሚው እንዲታዘዝ ይሻል፤ መርዶ ነጋሪ ደግሞ ነግሮ አይሄድም፥ ከሰሚው ጋር ተቀምጦ ያለቅሳል።

በመዓዛ መንግሥቴ የተደረሰውንና «የጥላው ንጉሥ» ተብሎ ሊተረጐም የሚችለውን ልብ ወለድ ለመመርመር ይህ ልዩነት ጥሩ መግቢያ ይሆናል። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ተጽፎ እ.ኤ.አ. በ2019 ታተመ፤ በሚከተለውም ዓመት ለቡከር ሽልማት በመጨረሻ ከታጩት ስድስት መጻሕፍት አንዱ ሆነ። ደራሲዪቱ አዲስ አበባ ተወልደው በሕፃንነታቸው ከአገር የወጡ ሲሆኑ፥ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው የመጀመሪያ ልብ ወለዳቸው ስለ አብዮቱ ዘመን የሚናገር ነበር። ሁለተኛው መጽሐፋቸው ወደ ኋላ ተመልሶ የፋሽስት ኢጣልያን ወረራ ይተርካል፤ የታሪኩም ዋና ሜዳ የሰሜን ተራራማ አገር ነው።

መጽሐፉን ብዙዎች የሚያነቡት ለሴት አርበኞች እንደ ተሠራ መታሰቢያ አድርገው ነው። ንባቡ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን መጽሐፉ ከጀግንነቱ ታሪክ ሥር ሌላ ጥያቄ ይዟል፤ ይኸውም ሥዕል፥ አልባስ፥ ፉከራና ዘፈን ሰውን የሚያሳምኑት በምን ኀይል ነው? የሚል ነው። ከታሪኩ የሚወጣው መልስ እንዲህ ይመስላል፤ አሳማኝ ሥዕል የሚተከለው ኀዘን ባዶ ባደረገው ቦታ ላይ ነው። እንግዲህ ሥዕሉ ለማን እንደሚታይና ዋጋውን ማን እንደሚከፍል ካልተጠየቀ በቀር፥ በወራሪው ሥዕልና በአርበኛው ሥዕል መካከል ያለውን ልዩነት ማወቅ ያስቸግራል።

፪

የታሪኩ ባለቤት ሂሩት የሙት ልጅ ናት። እናቷ ጌጤና አባቷ ፋሲል ከሞቱ በኋላ በባላባቱ በኪዳኔና በሚስቱ በአስቴር ቤት ገረድ ሆና ትኖራለች። ከወላጆቿ የቀረላት አንድ ውጅግራ ብቻ ነው። ውጅግራ የሚለው ስም ከፈረንሳዮቹ «ፉዚል ግራ» የመጣ መሆኑ ይታወቃል፤ እንዲህ ያለው ጠመንጃ በ1928 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር እጅግ ያረጀ መሣሪያ ነበር። ለሂሩት ግን ጠመንጃው የአባቷ ምትክ ነው። ኪዳኔ ለጦርነቱ መሣሪያ ሲሰበስብ ይህን ጠመንጃ ከእጇ ይወስደዋል፤ ታሪኩም ከዚህ ይነሣል።

ይህን ክፍል የደጋውን አገር ልማድ የሚያውቅ አንባቢ ከሌላው አንባቢ በተለየ ዓይን ያነበዋል። ወንድ ልጅ ሲሞት በለቅሶው ሜዳ ልብሱ፥ ጠመንጃው፥ ጋሻውና ጦሩ ይወጣሉ፤ ፈረስ ያለው እንደ ሆነ ፈረሱ ተጭኖ ይቀርባል። አልቃሿ ዕቃዎቹን እያየች ሙሾ ታወርዳለች፤ ጓደኞቹ ይፎክራሉ፤ ለቀስተኛውም ከዕቃዎቹ ላይ ሟቹን ያየዋል። ዕቃው የሌለውን ሰው ለጊዜው እንዳለ ያደርገዋል፤ እንዲህ ያለው ማሳያ ግን ለሚያውቁት ሰዎች የሚደረግ ነው። እንግዲህ ኪዳኔ ውጅግራውን ሲወስድ የወሰደው መሣሪያ ብቻ አይደለም፤ ድኻይቱ ልጅ አባቷን የምታለቅስበትን ነገር ወስዶባታል። ለአገር መከላከያ የተባለው ነገር ስለ እውነተኛነቱ አያጠራጥርም፤ ነገር ግን ከአንዲት ገረድ ለቅሶ ተቀንሶ የተከፈለ ነው።

የጌቶቹም ቤት ኀዘንተኛ ነው። ኪዳኔና አስቴር አንድ ልጃቸውን ተስፋዬን በሕፃንነቱ ቀብረውታል። አስቴር በገረዷ ላይ የምታወርደው ጭካኔ ከቅናት ብቻ የሚነሣ አይደለም፤ መውጫ ካጣ ኀዘንም ይመነጫል። ከኪዳኔ ተከታዮች አንዱ የሆነው ሰይፉ ልጁን ታሪኩን በጦርነቱ ያጣል። ንጉሠ ነገሥቱም በታሪኩ ውስጥ ሲገቡ ኀዘንተኛ አባት ሆነው ነው የሚቀርቡት። በልጅነቷ ለኀይለ ሥላሴ ጉግሣ ተድራ ትግሬ ወርዳ የሞተችው ልዕልት ዘነበወርቅ ከአባቷ ሐሳብ አትጠፋም፤ ባሏም በ1928 ዓ.ም. ጦርነቱ እንደ ተጀመረ ለኢጣልያ የገባ ሰው መሆኑ ይታወቃል። በወራሪው ወገን ደግሞ ፎቶግራፍ አንሺው ወታደር ኤቶሬ ናቫራ አለ። ይህ ሰው የቬኒስ ከተማ አይሁዳዊ ነው፤ አባቱ ሌኦ ያለፈ ሕይወቱን ከልጁ ሰውሮ የኖረ ነው። የኢጣልያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1938 በአይሁድ ላይ ሕግ ባወጣ ጊዜ የወላጆቹ ዕጣ በሩቅ አገር ሆኖ ያስጨንቀዋል።

ደራሲዪቱ ስሞችን የመረጡት በጥንቃቄ ይመስላል። የሞተው ሕፃን ተስፋዬ ይባላል፤ የወደቀው ወጣት ታሪኩ ይባላል፤ የሂሩት አባት የጎንደርን ግንብ የሠራውን ንጉሥ ስም ይዟል። በአማራ አገር ስም ብዙ ጊዜ የቤተ ሰብ ኀዘን መዝገብ ነው። ልጅ የሞተባቸው ወላጆች ቀጥሎ የተወለደውን ካሣ፥ ምትኩ፥ ማስረሻ፥ ተካልኝ እያሉ ይጠሩታል። እንዲህ ያለውን ስም የያዘ ሰው በሕይወቱ ሙሉ የሌላ ሰው ቦታ ተሸክሞ ይሄዳል፤ ጠሪውም በጠራው ቊጥር ሙቱን ያስታውሳል። ይህ ልማድ የሰውን ምትክ መሆን ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ለሚያውቅ አንባቢ፥ በኋላ የሚመጣው የጥላው ንጉሥ ነገር እንግዳ አይሆንበትም።

፫

ወራሪው በእነዚህ ኀዘንተኛ ቤቶች መካከል ሁለት መሣሪያ ይዞ ይገባል፤ አንዱ መድፍ፥ ሁለተኛው ካሜራ ነው። ይህ የልብ ወለድ ፈጠራ ብቻ አይደለም። ሉቼ የሚባለው የኢጣልያ የፊልምና የፎቶግራፍ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1924 ተቋቁሞ ወዲያው የመንግሥት መሣሪያ ሆነ፤ በ1935ም ለምሥራቅ አፍሪካ ልዩ ክፍል አቋቋመ። ከጦር ግንባር የተላከው ሥዕል በኢጣልያ የሲኒማ ቤቶች ይታይ ነበር። ወታደሩም በበኩሉ ትንንሽ የኪስ ካሜራ ይዞ ነበር የዘመተው። ስለ አንዲት ጥቁር ሐበሻ ልጃገረድ የተዘፈነው የ1935 የዘመቻ ዘፈን ለወጣቱ ወታደር ጦርነቱን እንደ ሽርሽርና እንደ ሰርግ አድርጎ አሳመረለት። ኤንሪኮ ዴ ሴታ የሚባለው ሠዓሊ ለወታደሮቹ ከሣላቸው የቀልድ ፖስታ ካርዶች በአንዱ ላይ፥ አንድ ወታደር የታሰረች ሐበሻ ሴት ይዞ ፖስታ ቤት ቆሞ ለወዳጁ እንደ ዕቃ ሊልካት ሲጠይቅ ይታያል። ገበያው እንዲህ ያለ ነበር፤ ሸቀጡ አገሪቱ ናት፥ የሸቀጡ መለያ ሥዕል ደግሞ የሴቲቱ ገላ ነው።

የስታራቼ የመኪና ጦር በመጋቢት ወር 1928 ዓ.ም. ጎንደር ከገባ በኋላ፥ ከተማዪቱ «አማራ» ተብሎ ለተሰየመው የቅኝ ግዛት ክፍል ዋና ከተማ ሆነች። በፒያሳው ዙሪያ የተሠሩት የፖስታ ቤትና የሲኒማ ቤት ሕንፃዎች የዚያ ዘመን ሥራዎች ናቸው። ስለ ሥነ ሕንፃ የሚጽፉ ሰዎች ውበታቸውን ብዙ ጊዜ ያነሣሉ። «የጥላው ንጉሥ»ን ያነበበ ሰው ግን የእነዚህን ሕንፃዎች ጎረቤትነት በሌላ መንገድ ያየዋል፤ በአንዱ ቤት ሥዕል ይታያል፥ ከአንዱ ቤት ሥዕል ይላካል። ከግንቡ ሥር ለዘመናት በነጋሪት ትናገር የነበረች ከተማ፥ ከዚያ ጀምሮ ለማያውቋት ሰዎች በካርድ የምትቸረቸር ሆነች።

በልብ ወለዱ ውስጥ ይህን አሠራር የሚመራው ኮሎኔል ካርሎ ፉቼሊ ነው። ይህ ሰው በገደል አፋፍ ላይ እስር ቤት ያሠራል፤ እስረኞችን ወደ ገደሉ ያስወረውራል፤ ኤቶሬም እንዲያነሣቸው ያዝዘዋል። አስቴርና ሂሩት በተማረኩ ጊዜም ፉቼሊ ሁለቱን ሴቶች ማየት ለሚሻ ወታደር ሁሉ መታያ ያደርጋቸዋል። የፉቼሊ ብልሃት ግልጽ ነው። ሥዕሉ ሁለት ገበያ አለው፤ ለኢጣልያኑ ተመልካች ድልን ይሸጥለታል፥ ለአገሬው ተመልካች ደግሞ ፍርሃትን ያድለዋል። የመጽሐፉ ብርታት የሚታየው ግን በዚህ ጭካኔ ላይ በመዘግየቱ አይደለም፤ የኤቶሬን ሁኔታ በሚገልጥበት ክፍል ነው። ኤቶሬ ትእዛዝ አክባሪ፥ ደካማና ያዘነ ሰው ነው። ከወላጆቹ ደብዳቤ በናፈቀ መጠን ካሜራውን አጥብቆ ይይዛል፤ ካሜራው ከሚያየው ነገር ይጋርደዋልና። የገዛ ቤቱ እየፈረሰ ያለው ሰው የሌላውን ቤት መፍረስ ሥዕል ያደርጋል። በዚህ ዓይነት መጽሐፉ አሳማኙ ሥዕል ተመልካቹን ብቻ ሳይሆን አንሺውንም የሚያታልል መሆኑን ያሳያል።

ደራሲዪቱ በመጽሐፉ አካል ውስጥ «ፎቶግራፍ» የሚል ርእስ ያላቸው አጫጭር ክፍሎች አስገብተዋል። በእነዚህ ክፍሎች ሥዕሉ አይታተምም፤ በቃል ይነገራል። ይህ ምርጫ የአጻጻፍ ጌጥ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ፎቶግራፉ ቢታተም ኖሮ አንባቢው እንደ ፉቼሊ እንግዶች ተመልካች ይሆን ነበር። በቃል በመነገሩ ግን ሥዕሉ ያላነሣውን፥ ማለትም የሰውየውን ስም፥ ከመነሣቱ በፊት የነበረውን ቀን፥ በዓይኑ ውስጥ ያለውን ሐሳብ ለመስማት ይገደዳል። አልቃሽ በሟቹ ልብስ ፊት ቆማ የምትሠራው ሥራ ይኸው ነው፤ ዝም ያለውን ዕቃ ታናግረዋለች።

፬

መጽሐፉ በዚህ ብቻ ተወስኖ ቢሆን ኖሮ ፍርዱ ቀላል በሆነ ነበር፤ የወራሪው ሥዕል ሐሰት፥ የአርበኛው ቃል እውነት ተብሎ ይዘጋ ነበር። ደራሲዪቱ ግን ነገሩን በዚህ አላበቁም። ንጉሠ ነገሥቱ በ1928 ዓ.ም. ከአገር ወጥተው በእንግሊዝ አገር ባዝ በምትባል ከተማ ተቀመጡ። ባላገሩ ንጉሥ የለህም ሲባል ልቡ ይከዳዋል። በዚህ ጊዜ ከኪዳኔ ሰዎች መካከል ምንም የሚባል አንድ ድኻ ሰው መልኩ ንጉሡን እንደሚመስል ሂሩት ታስተውላለች። ሰውየው የንጉሥ ልብስ ለብሶ፥ በፈረስ ተቀምጦ፥ ከሩቅ በኮረብታ ላይ እንዲታይ ይደረጋል፤ ሂሩትም የወታደር ልብስ ለብሳ ዘቡ ትሆናለች። ሕዝቡ ያየዋል፥ ይሰግዳል፥ መሣሪያውንም ያነሣል። እንግዲህ አርበኞቹም በተራቸው አሳማኝ ሥዕል ሠርተዋል ማለት ነው።

አንዳንድ አንባቢ ይህን ነገር ለልብ ወለድ ብቻ የተፈቀደ ፈጠራ አድርጎ ያየው ይሆናል። የአገሩ ታሪክ ግን ለዚህ ነገር ብዙ ምሳሌ አለው። በቤተ መንግሥት ሥርዓት ሊቀ መኳስ የሚባለው ሹም በጦርነት ጊዜ የንጉሡን ልብስ ለብሶና እንደ ንጉሡ ሸልሞ ይሰለፍ ነበር፤ ይህም ጠላት ንጉሡን ከመሳዩ ለይቶ እንዳያውቅ ነው። በዘመነ መሳፍንት፥ ማለት ከ1761 እስከ 1847 ዓ.ም. ድረስ፥ ጎንደር ግንብ ውስጥ የተቀመጡት ነገሥታት ብዙዎቹ ለስም ብቻ የነገሡ ነበሩ፤ ሥልጣኑ በራሶቹ እጅ ነበር። ካሣ ኀይሉ በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. በሰሜን ደረስጌ ማርያም ሲነግሥ «ቴዎድሮስ» የሚለውን ስም የመረጠው፥ በፍካሬ ኢየሱስ የተነገረውን ንጉሥ ሕዝቡ ይጠባበቅ ስለ ነበረ ነው። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠራው ደጃዝማች ውቤ ነበር፤ ዘውዱ ግን በዚያው ስፍራ ድል ላደረገው ሆነ። ስሙ ራሱ ከዐዋጅ የበለጠ ዐዋጅ ነበር።

ከልብ ወለዱ ዘመንም ምሳሌ አይጠፋም። በወረራው ጊዜ ንጉሥ የሌለው አርበኛ ዘውድ የሚጭንበት ሰው ሲፈልግ፥ በሸዋ መላከ ፀሐይ ኢያሱ፥ በቤጌምድር ደግሞ ልጅ ዮሐንስ ኢያሱ የልጅ ኢያሱ ልጆች በመሆናቸው የአርበኞች ማሰባሰቢያ ሆነው ነበር። ይህ ሁሉ የሚያሳየው ሕዝቡ ሞኝ መሆኑን አይደለም። ጥንት ንጉሥ ሲሞት ዐዋጅ ነጋሪው «የሞትንም እኛ፥ ያለንም እኛ» ይል እንደ ነበር ይታወቃል። በዚህ አነጋገር ዐዋጁ መርዶን በውስጡ ይዟል፤ ሞትንም ሕይወትንም በአንድ ትንፋሽ ይናገራል፤ ባዶውን ዙፋን አይደብቅም፥ ግን ባዶ አድርጎ አይተወውም። የምንም መንገሥ ከዚህ አነጋገር ጋር ዝምድና አለው።

ነገር ግን አንድ ልዩነት አለ፤ የመጽሐፉም ጥልቅ ሐሳብ በዚህ ልዩነት ላይ ይገኛል። የጥንቱ ዐዋጅ ሞቱን ያምናል፤ በኮረብታው ላይ የሚታየው ሥዕል ግን የንጉሡን መሄድ ይሸሽጋል። ሊቀ መኳስ ለንጉሡ የተወረወረውን ጦር በገዛ ደረቱ ይቀበላል፤ ሹመቱና ማዕርጉ ግን የታወቀ ነው፥ ቢሞትም በስሙ ይለቀስለታል። ምንም ግን ሹመት የለውም። ስሙ ራሱ የሌለ ነገር ስም ነው። ንጉሥ ሆኖ በታየ ቊጥር ምንምነቱ ይጠፋል፤ እውነተኛው ንጉሥ ሲመለሱ ደግሞ ጥላ አያስፈልግም። እንግዲህ የአርበኛውም ሥዕል ቢሆን ዋጋውን የሚያስከፍለው በሥዕሉ ውስጥ ስሙ ለማይነበብ ሰው ነው።

ይህ ነገር በሂሩት ሕይወት የበለጠ ጎልቶ ይታያል። ኪዳኔ በሕዝብ ፊት ጀግና ነው፤ ቀረርቶውና ፉከራው ልብ ያነሣሣል። በሌሊት ግን ይኸው ሰው የገረዲቱን ክብር ደጋግሞ በግፍ ይደፍራል። ጠላትን የሚዋጋው ጦር በገዛ ሰፈሩ ውስጥ የሚደረገውን አያይም፤ ያየውም ዝም ይላል። ፉከራ የጀግናውን ገድል ያስታውቃል፤ ያላስታወቀውን ግን ይሸፍናል። ደራሲዪቱ በዚህ ነጥብ ላይ ለአርበኝነት ክብር ሲሉ እውነትን አላለሰለሱም፤ ለሂሩት ሲሉም አርበኝነትን አላረከሱም። ሂሩት ለአገሯ የምትዋጋው ኪዳኔ ጥሩ ጌታ ስለ ሆነ አይደለም፤ አገሪቱ የአባቷና የእናቷ መቃብር ያለባት ስለ ሆነች ነው።

፭

በዚህ ሁሉ መካከል ከሐሰት የራቀ ሥዕል አለን? ተብሎ ቢጠየቅ፥ መጽሐፉ ሁለት ያቀርባል። መጀመሪያው የአስቴር ነው። አስቴር የወንድ ካባ ደርባ በሴቶቹ ፊት ስትቆምና ለጦርነት ስትጠራቸው የምትሠራው ሥዕል ዐዋጅም መርዶም ነው፤ የምትጠራቸውን ሴቶች ታውቃቸዋለች፥ እነርሱም ልጇ የሞተባት መሆኑን ያውቃሉ፤ ቃሏ ለሚያስከትለው ነገርም ከእነርሱ ጋር አብራ ትወጣለች። በታሪክ እንደ ከበደች ሥዩምና እንደ ሸዋረገድ ገድሌ ያሉ ሴቶች ጦር መርተው መዋጋታቸው የታወቀ ነው፤ ስለዚህ አስቴር ከሕልም የተወለደች አይደለችም። ከራሳቸው ከደራሲዪቱ ቤትም ምስክር አለ። ቅድመ አያታቸው ጌጤ ለዘመቻው ስትነሣ አባቷ ጠመንጃውን ሊሰጧት ስላልፈቀዱ በዳኛ ከስሳቸው እንደ ረታች ደራሲዪቱ ተናግረዋል፤ ይህንም ከእናታቸው የሰሙት መጽሐፉን በመጻፍ ላይ ሳሉ ነው። የሂሩት እናት ጌጤ መባሏ እንግዲህ በከንቱ አይደለም፤ ልብ ወለዱ ለአንዲት የራሱ ሙት የተሠራ ተዝካር ጭምር ነው።

ሁለተኛው ሥዕል የሣጥኑ ነው። ታሪኩ ሲከፈት፥ በ1966 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ሊወድቅ ሲል፥ ሂሩት አዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ ተቀምጣ በጉልበቷ ላይ ሣጥን ይዛለች። በሣጥኑ ውስጥ የኤቶሬ ደብዳቤዎችና ያነሣቸው ፎቶግራፎች አሉ፤ የመጣችውም ልትመልስለት ነው። ሴቲቱን የማረካት ካሜራ የወለዳቸው ሥዕሎች ለብዙ ዓመታት በእጇ ምርኮኛ ሆነው ኖረዋል ማለት ነው። በሣጥኑ ውስጥ የራሷ ውርደት፥ የጓደኞቿ ሞት፥ የጠላቷም የቤተ ሰብ ኀዘን በአንድነት ታጭቀዋል። ሣጥኑን ስትከፍት ሙታን ይነገርልን ሲሉ ትሰማለች። ለሽያጭ የተነሣው ሥዕል ስም በሚያውቅ ሰው እጅ ሲገባ የለቅሶ ዕቃ ይሆናል።

መጽሐፉ ነቀፋ የሌለበት አይደለም። በምዕራፎቹ መካከል የሚገባው ኅብረ ድምፅ የተወሰደው ከጥንት ግሪኮች ተውኔት ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱም የሚያደምጡት ሙዚቃ «አይዳ» የሚባለው የቬርዲ ኦፔራ ነው። «አይዳ» ኢጣልያዊ ስለ ተማረከች ኢትዮጵያዊት ልዕልት ያቀናበረው ድርሰት በመሆኑ መመረጡ ምክንያት አለው። ኅብረ ድምፁ ግን የሚሠራውን ሥራ በደጋው አገር አልቃሽና ለቀስተኛው ሲሠሩት ኖረዋል፤ አልቃሿ ትጀምራለች፥ ለቀስተኛው ይቀበላታል። ይህ ቅርጽ ቢገባ ኖሮ የግሪኩን ባላስናፈቀ ነበር። ደግሞም ሙሾም ሆነ ቀረርቶ ኀይሉን የሚያገኘው ከሰምና ወርቅ ነው፤ በእንግሊዝኛው ውስጥ የገጸ ባሕርያቱ ንግግር ውብና ከባድ ቢሆንም ሁሉም በአንድ ድምፅ የሚናገሩ የሚመስሉበት ጊዜ አለ። ባላገሩና ባላባቱ፥ ወጥ ቤቷና እመቤቷ በአነጋገር አይለዩም። በኢጣልያ ጦር ውስጥ ያሉት የኤርትራ አስካሪዎችም በኢብራሂም በኩል ድምፅ ቢያገኙም፥ የእነርሱ ቤትና ኀዘን የሌሎቹን ያህል አልተገለጠም። ስለ ኀዘን ሚዛን የሚናገር መጽሐፍ በዚህ በኩል ሚዛኑ ጥቂት አዘንብሏል ማለት ይቻላል።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ተቃውሞም ሊነሣ ይችላል። የተዋረደውን ሰው ሥዕል በቃል ማውራት ውርደቱን መድገም አይደለምን? የሚል ነው። ለዚህ ተቃውሞ ሙሉ መልስ መስጠት ያስቸግራል። ይሁን እንጂ መርዶ ነጋሪም ክፉውን ነገር ይደግመዋል፤ ሳይደግመው ኀዘንተኛው ማልቀስ አይችልምና። ፍርዱ የሚሰጠው በነገሩ መነገር ላይ ብቻ አይደለም፤ ለማን፥ በማን አፍ፥ ከተነገረስ በኋላ ነጋሪው አብሮ ይቀመጣል ወይስ ይሄዳል? በሚለው ነው። መጽሐፉ ከሂሩት ጋር እስከ መጨረሻው ተቀምጧል።

፮

እንዲህ ያለው ልብ ወለድ ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ ብቻ ሳይሆን የሕዝብን ኑሮና ልማድ ለሚያጠና ሰውም ጥያቄ ያቀርባል። በወረራው ዘመንም ሆነ ከዚያ በፊትና በኋላ ከጎንደርና ከሰሜን የተነሡ ሥዕሎች በውጭ አገር ቤተ መዘክሮችና በግለ ሰቦች እጅ ይገኛሉ። ብዙዎቹ በጀርባቸው የተጻፈባቸው «ሐበሻ ሴት»፥ «የደጋ ባላገር»፥ «እስረኛ» የሚል ብቻ ነው። ይህ ዓይነት ጽሑፍ ለሳይንስ መልካም መስሎ ይታያል፤ ሰውን ከነገዱ፥ ልብሱን ከአገሩ ያዛምዳል። ነገር ግን የፉቼሊ እስር ቤት ጽሑፍ ከዚህ ይለያልን? ያም ቢሆን ስም አይጽፍም ነበር። ሳይንሱ በቅን ልቡና፥ ወራሪው በክፋት ያደረጉት ቢሆንም ለተነሣችው ሴት ቤተ ሰብ ሁለቱም እኩል ዝም ይላሉ።

ደራሲዪቱ ከልብ ወለዳቸው ሌላ የዚያን ጦርነት ፎቶግራፎች የመሰብሰብና የማሳወቅ ሥራ መጀመራቸው ከዚህ ሐሳብ ጋር የተያያዘ ነው። የልማድ ተመራማሪውም ከዚህ ትምህርት ሊወስድ ይችላል። አሮጌ ሥዕል ይዞ ወደ ደባርቅ፥ ወደ ዳባት ወይም ወደ ጎንደር የሚሄድ ሰው ስለ ሹሩባው አሠራርና ስለ ጥልፉ ዓይነት ከመጠየቁ አስቀድሞ «ይችን ሰው የሚያውቃት አለ?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ሥራው ዘግይቶ ይጀመር ይሆናል። መልስም የሚሰጠው ላያገኝ ይችላል። ነገር ግን በአንድ ደጅ አንዲት አሮጊት ሥዕሉን ተቀብላ፥ ወደ ብርሃን አቅርባ አይታ፥ ስም የጠራች እንደ ሆነ፥ ካርዱ በዚያች ሰዓት ማስታወቂያነቱ ቀርቶ መርዶ ይሆናል። ያን ጊዜ ተመራማሪው መጻፉን ትቶ ከለቀስተኛው ጋር መቀመጥ ይገባዋል።